የውድድር ሥፍራና የፍትሕ ሚዛን



ፍትሕ የሚለውን ቃል ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው ዳኛና ተከሳሽ፣ ችሎትና ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ በሰው ልጅ የዘወትር ኑሮ ፍትሕ በብዛት የሚፈጸመውም ሆነ የሚጓደለው ከችሎት ውጭ ነው፤ ስብሰባው በማን ደጅ እንዲሆን፣ በዓሉ በየትኛው ከተማ እንዲከበር፣ ማን ሩቅ ተጉዞ ማን በቤቱ እንዲቀመጥ በሚወሰንበት ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ከእነዚህ መካከል አንዱን ነው። በአንድ ሰፊ ግዛት ውስጥ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በስፖርት፣ በሙዚቃ፣ በተውኔትና በክርክር ሲወዳደሩ ውድድሩ የሚደረግበት ሥፍራ በምን ዓይነት መንገድ ቢመረጥ ፍትሓዊ ይሆናል?

«የት እንገናኝ?» ከማለት የበለጠ ምን አለበት የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሥፍራ በተመረጠ ቁጥር አንዱ ልጅ በአልጋው አድሮ በማለዳ ወደ ሜዳው ሲሄድ ሌላው ሌሊቱን በአውቶቡስ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ያነጋል። አንዱ ወላጅ ልጁ ሲወዳደር በዓይኑ ያያል፤ ሌላው የሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ወይም የነዳጁንና የማደሪያውን ዋጋ ስላልቻለ ውጤቱን በስልክ ይሰማል። ስለዚህ «የት ይሁን?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ «ማን ይድከም?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመረምር የመጀመሪያውን የሚመልስ ኮሚቴ ሳያውቀው ፍርድ ሰጥቷል ማለት ነው።

የቴክሳስ ምሳሌ

ጥያቄውን ያለ ተጨባጭ ጉዳይ እንዳናነሣው አንድ በሚገባ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተውና በኦስቲን ከተማ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ የተባለው ድርጅት ነው። በሊጉ ሥር ከ1,400 በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይወዳደራሉ። የሚወዳደሩበትም ዓይነት ብዙ ነው፤ የአሜሪካ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ፣ ሩጫና ዝላይ፣ የማርሽ ባንድ፣ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት፣ ክርክር፣ የፊደል አጻጻፍ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ በአእምሮ የሚሠራ ስሌት ሳይቀር አለበት። ትምህርት ቤቶቹ በተማሪ ብዛት በስድስት ምድብ ይከፈላሉ፤ በታችኛው ምድብ ያሉት ከ105 ያነሱ ተማሪዎች ያሏቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ሲሆኑ በላይኛው ምድብ ያሉት ደግሞ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ያሏቸው ናቸው።

የግዛቱ ስፋት 695 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ254 ካውንቲዎች ተከፋፍሏል። ሕዝቡ ግን በዚህ ስፋት ላይ እኩል አልተበተነም፤ አብዛኛው የሚኖረው በዳላስ፣ በሂዩስተንና በሳን አንቶኒዮ መካከል ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው። በምዕራቡ ጫፍ ከምትገኘው ከኤል ፓሶ እስከ ኦስቲን ያለው የመኪና መንገድ 930 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደቡብ ጫፍ ካለችው ከብራውንስቪል እስከ ኦስቲን ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰዓቱም ቢሆን አንድ አይደለም። በኦስቲን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በኤል ፓሶ ገና 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከኤል ፓሶ የመጣው ተማሪ የፈተና ወረቀቱን የሚቀበለው ሰውነቱ ገና አንድ ሰዓት እንቅልፍ እንደቀረው በሚቈጥርበት ጊዜ ነው።

ይህ ምሳሌ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በዳላስና በሂዩስተን አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ፣ በእነዚሁ አውቶቡሶች ይሳፈራሉ። የእነርሱ ዕጣ እንኳ በመሐል አገር መኖር ሆኖ፣ የመንገዱ ሸክም በአብዛኛው የሚወድቀው በሌሎች ላይ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በአንድ ውሳኔ የሚከፋፈሉ አራት ነገሮች

በዚህ ጉዳይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚወሳሰበው የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ስለሚታሰሩ ነው። እኛ እንደሚመስለን ሥፍራን መምረጥ ቢያንስ አራት ነገሮችን ያከፋፍላል።

የመጀመሪያው ድካም ነው፤ ይኸውም መንገዱ፣ ወጪው፣ ከትምህርት የሚቀሩባቸው ቀናትና የእንቅልፍ ማጣቱ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ነው፤ ሺህ ወላጆችና ተማሪዎች ለሦስት ቀን የሚያርፉባት ከተማ ሆቴሎቿና ምግብ ቤቶቿ ይጠቀማሉ። ሦስተኛው ክብር ነው፤ እንግዳ መቀበል ለአንድ ከተማ፣ ለአንድ ትምህርት ቤትም መታወቂያና ማዕርግ ነው። አራተኛው የውድድሩ ዕድል ራሱ ነው፤ በራሱ ሜዳ የሚጫወት ቡድን ብልጫ እንዳለው የታወቀ ነው። ሽዋርትዝና ባርስኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት ይህን ብልጫ በተለያዩ የስፖርት ዓይነቶች ላይ አሳይተዋል፤ ከምክንያቶቹም የደጋፊውን ሕዝብ ድምፅ በዋናነት ጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአውሮፓ እግር ኳስ ያለ ተመልካች ሲካሄድ በብዙ ሊጎች የባለ ሜዳው ብልጫ መቀነሱን ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል።

እነዚህ አራቱ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ድካም ሊካስ ይችላል፤ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ባይሽረውም ያቀለዋል። ክብር ግን በገንዘብ አይካስም፤ በተራ እንጂ። ጥቅም ደግሞ የልጆች ውድድር የሚደረግበትን ሥፍራ ለመወሰን ዋና ምክንያት ሊሆን አይገባውም። በራስ ሜዳ የመጫወት ብልጫም በመጨረሻው ውድድር ላይ መወገድ ያለበት ነገር ነው እንጂ መከፋፈል ያለበት አይደለም። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት ሩቅ ተጉዛችኋል፤ ዘንድሮ ግን ከተማችሁ በእንግዶች አትርፋለች» ብሎ አንዱን በሌላው ማጣፋት ሚዛኑን ማደባለቅ ነው። የደከመው ተማሪ ነው፤ ያተረፈው ባለ ሆቴሉ ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ ስም ስለሚጠሩ ብቻ ሒሳባቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

እኩልነትና ተመጣጣኝነት

የጥንቱ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል የማከፋፈልን ፍትሕ ከማስተካከል ፍትሕ ለይቶ ያስተምራል። የማከፋፈል ፍትሕ ለሁሉም አንድ ልክ መስጠት ሳይሆን ለእያንዳንዱ እንደሚገባው መጠን መስጠት ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ይህንኑ ተቀብሎ ሲያስፋፋ የማከፋፈልን ፍትሕ የሚቃወመው ኃጢአት ፊት አይቶ ማድላት መሆኑን ያስረዳል። ማድላት ማለት አንዱን ከሌላው መለየት ብቻ አይደለም፤ ከጉዳዩ ጋር በማይገናኝ ምክንያት መለየት ነው። አንድን ሰው በዕውቀቱ መምህር አድርጎ መሾም ማድላት አይደለም፤ ባለጠጋ ወይም ዘመድ ስለሆነ መሾም ግን ማድላት ነው።

ይህን መለኪያ ወደ ጉዳያችን ስናመጣው ብዙ ነገር ይጠራል። አንድን ከተማ ሰፊ አዳራሽ፣ በቂ ማደሪያ፣ በአቅራቢያው ሆስፒታል፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ስላለው መምረጥ ማድላት አይደለም፤ እነዚህ ሁሉ ከጉዳዩ ጋር የተያያዙ ናቸውና። የኮሚቴው ሊቀ መንበር የተወለደበት ወይም የከተማው ሹም ግብዣ ያደረገበት ስለሆነ መምረጥ ግን ማድላት ነው። ከዚህም የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ምክንያቱን በግልጽ ለመናገር የሚያሳፍር ምርጫ ብዙውን ጊዜ ያዳላ ምርጫ ነው።

ይሁንና ምክንያቱ ከጉዳዩ ጋር የተገናኘ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሊከብድ ይችላል። ጠቅላላውን ኪሎ ሜትር ደምረን የሁሉም ድካም ሲደመር ዝቅተኛ የሚሆንበትን ሥፍራ ብንፈልግ፣ መልሱ ዘወትር ሕዝብ በሚበዛበት በመካከሉ ይወድቃል። የሒሳቡ አካሄድ ትክክል ነው። ነገር ግን ድምሩ አንድ ነገር ይሰውራል፤ ዛሬም፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም የሚከፍለው ያው በጫፍ ያለው ልጅ ነው። የአንድ ቀን ሸክም ሲደጋገም ሌላ ዓይነት ሸክም ይሆናል። ብዙኃኑ ቀርቶልናል የሚሉት ድካም በጥቂቶቹ ጫንቃ ላይ ተከማችቶ ሲቀር፣ ጥቂቶቹ «እኛ የዚህ ማኅበር አባል ነን ወይስ ተጓዥ እንግዳ?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ሊሰጣቸው ይገባል።

አራት የመምረጫ መንገዶች

ሰዎች ሥፍራን የሚመርጡባቸው መንገዶች ብዙ ቢመስሉም በመሠረቱ አራት ናቸው፤ ቋሚ ሥፍራ፣ ተራ፣ ጨረታና ዕጣ። እያንዳንዳቸውን በአጭሩ እንመርምር።

ቋሚ ሥፍራ፦ የጥንት ግሪኮች በየአራት ዓመቱ ወደ ኦሊምፒያ ይጓዙ ነበር። ኦሊምፒያ አቴናም ስፓርታም አልነበረችም፤ ከታላላቆቹ ከተሞች የማንኛቸውም ደጅ አለመሆኗ ለሁሉም የተመቸች አደረጋት። ቋሚ ሥፍራ ይህ መልካም ጎን አለው፤ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ልምድ ይከማቻል፣ በየዓመቱ ክርክር አይነሣም። በቴክሳስም የወንዶች የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ እስከ 2014 ድረስ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኦስቲን ሲካሄድ ቆይቶ በ2015 ወደ ሳን አንቶኒዮ ተዛውሯል። ይሁን እንጂ ቋሚ ሥፍራም ከጠብ ነፃ አይደለም። ኦሊምፒያን ለማስተዳደር ኤሊስና ፒሳ ሲጣሉ ኖረው በ364 ዓመተ ዓለም ቅድመ ክርስቶስ ውድድሩ በሚካሄድበት ጊዜ በቅዱሱ ቦታ ውስጥ ጦርነት እስከ መግጠም ደርሰዋል። ቋሚ ሥፍራ ባለቤት ያበጃል፤ ባለቤትም ውሎ አድሮ ክብሩን እንደ ርስት መቊጠሩ አይቀርም።

ተራ፦ እነዚያው ግሪኮች ከኦሊምፒያ ሌላ በዴልፊ፣ በኢስትምያና በኔሜያ የሚደረጉ ውድድሮች ነበሯቸው፤ ስለዚህ ክብሩ በአንድ ሥፍራ ተከማችቶ አልቀረም። ተራ ክብርን ለማከፋፈል የተሻለው መንገድ ነው። ድካምን ለማከፋፈል ግን የሚመስለውን ያህል አይረዳም። ውድድሩ በኤል ፓሶ በሚሆንበት ዓመት አንዲት ከተማ ታርፋለች፤ ከቀረው ግዛት አብዛኛው ግን 900 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጓዛል። በዚያን ዓመት በመካከል አገር ያለ ድኻ ተማሪ ከጉዞው ቢቀር፣ «በተራ ነው» የሚለው ቃል ለእርሱ ምን መጽናኛ ይሆነዋል? ከዚህም በላይ ሁሉም ከተማ እኩል የተዘጋጀ አዳራሽ የለውም። ድምፁ በማይሰማበት አዳራሽ ውስጥ ተውኔታቸውን ያቀረቡ ልጆች ለተራ ሲባል የተጎዱ ናቸው።

ጨረታ፦ በዘመናችን እየበዛ የመጣው ከተሞች አዳራሽ በነፃ፣ ማደሪያ በቅናሽ እንሰጣለን እያሉ እንዲወዳደሩ ማድረግ ነው። ይህን በጭፍን አናወግዝም። ከተማው የሚሰጠው ቅናሽ በትክክል ወደ ተማሪዎቹ ጉዞና ምግብ የሚወርድ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት «ትርፉ የት ገባ?» የሚለው ነው። ገንዘቡ በአዘጋጁ ካዝና ቀርቶ፣ ወላጅ በውድድሩ ሰሞን በእጥፍ ዋጋ አልጋ የሚከራይ ከሆነ፣ ልጆቹ ተወዳዳሪዎች መሆናቸው ቀርቶ ለገበያ የቀረቡ ዕቃዎች ሆነዋል። ጨረታ ሌላም ጉድለት አለው፤ ድኻ ከተማ መቼም ቢሆን አያሸንፍም።

ዕጣ፦ በቴክሳስ የእግር ኳስ የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በሥፍራው ሊስማሙ ካልቻሉ ሳንቲም ተጥሎ በማን ሜዳ እንደሚጫወቱ የሚወሰንበት የቆየ ልማድ አለ። ይህን እንደ ቁማር የሚያዩ ሰዎች አሉ። ቅዱስ ቶማስ ግን አንድን ነገር ለማካፈል ሲባል በሌላ መንገድ መስማማት ባልተቻለ ጊዜ፣ ያለ ተንኰል የሚጣል ዕጣ የተፈቀደ መሆኑን ያስተምራል። ዕጣ ዘመድ የለውም፤ ጉቦም አይቀበልም። ሆኖም ዕጣ አእምሮን ሊተካ አይችልም። በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ላይ በይሁዳ ፈንታ የሚተካው ሰው ሲመረጥ ሐዋርያት በቀጥታ ወደ ዕጣ አልሄዱም። አስቀድመው የሚመረጠው ሰው ሊያሟላ የሚገባውን ወሰኑ፤ ቀጥለው የተገቡ ሁለት ሰዎችን አቆሙ፤ ዕጣውን የጣሉት በመጨረሻ ነው። ሥርዓቱ ለእኛም ይሆናል፤ ምክንያት መጀመሪያ፣ ዕጣ በኋላ። ሁለት ሥፍራዎች በሁሉም ረገድ እኩል ሆነው ሲገኙ ዕጣ ፍትሕ ነው፤ ሳይመረምሩ ከኃላፊነት ለመሸሽ የሚጣል ዕጣ ግን ስንፍና ነው።

የመንገዱ ርቀት የሚሰጠው ትምህርት

ርቀት እውነተኛ ሸክም መሆኑን የብሉይ ኪዳን ሕግ ራሱ ያውቃል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ሕዝቡ ዐሥራቱን ወደ ተመረጠው አንድ ሥፍራ እንዲያመጣ ታዝዟል። ወዲያው ግን መንገዱ ለረዘመበት ሰው የተለየ ድንጋጌ ተሰጥቷል፤ እህሉንና ከብቱን ተሸክሞ ከመድከም ይልቅ ወደ ገንዘብ ለውጦ ገንዘቡን ይዞ እንዲሄድና እዚያው የሚያስፈልገውን እንዲገዛ ተፈቅዶለታል። ሕጉ የሥፍራውን አንድነት አላፈረሰም፤ የሩቁንም ሰው ድካም አልናቀም። ሁለቱን ያስታረቀው ሸክሙን በማቅለል ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ በመጽሐፈ ነገሥት ይገኛል። ኢዮርብዓም መንግሥት በተከፈለ ጊዜ ሕዝቡን ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት በዝቶባችኋል ብሎ በቤቴልና በዳን አዲስ ሥፍራ አቆመላቸው። መንገዱ ረጅም መሆኑ ሐሰት አልነበረም። የእርሱ አሳብ ግን የሕዝቡ እግር ማረፍ ሳይሆን የመንግሥቱ መጽናት ነበር። ከዚህ የምንማረው ስለ ርቀት የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ በአንድ በኩል ሊሰማ፣ በሌላ በኩል ሊመረመር እንደሚገባው ነው። ሥፍራው ወደ እኛ ይምጣ የሚል ሁሉ ስለ ልጆቹ ብቻ የሚናገር አይደለምና፤ ስለ ልጆቹ ብቻ የሚናገረውም በጥርጣሬ ብቻ መናቅ የለበትም።

ሥፍራና ቀን ስለ ሰው ክብር ሲናገሩ

በቴክሳስ ታሪክ ሥፍራን የመምረጥ ጉዳይ ከድካምና ከወጪ ያለፈ ነገር የነበረበት ዘመን አለ። የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ከነጮቹ ሊግ ውጭ ሆነው ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1920 የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ፤ ይህም ፕሪሪ ቪው በተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ሥር ሆኖ እስከ 1970 ቆይቷል። በብዙ ከተሞች አንዱ ስታዲየም ለሁለቱም ወገን ያገለግል ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚወጣበት የዓርብ ምሽት ለነጮቹ ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ ለጥቁሮቹ የሚደርሳቸው የረቡዕ ወይም የሐሙስ ምሽት ነበር።

ይህን በሚገባ ብናስተውለው፣ ሜዳው አንድ ነው፤ ሣሩ አንድ ነው፤ የሜዳው ስፋትም አንድ ነው። በኪሎ ሜትር የሚለካ ልዩነት አልነበረም። ሆኖም ቀኑ ብቻውን «እናንተ ሁለተኞች ናችሁ» ይል ነበር። ስለዚህ ፍትሓዊ ሥፍራ ማለት በካርታ ላይ መካከለኛ ነጥብ ማግኘት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሥፍራና ቀን ስለ ሰው ማንነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩትንም ልጆች ከትልልቆች ይልቅ ፈጥነው ይሰማሉ።

በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ተነሥቷል። በዚያው ግዛት የግልና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች በሚወዳደሩበት በሌላ ማኅበር፣ በሂዩስተን የሚገኘው በረን አካዳሚ የተባለው የአይሁድ ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው የተመደበው ግን ሰንበታቸው በሚገባበት በዓርብ ምሽት ነበር። ማኅበሩ መጀመሪያ ቀኑን አልለውጥም አለ፤ ወላጆችም ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በመጨረሻ ሰዓቱ ወደ ዓርብ ቀትር በኋላ ተዛወረ። ልጆቹ ያን ጨዋታ አሸነፉ፤ ቅዳሜ ሰንበት ከወጣ በኋላ ባደረጉት የፍጻሜ ጨዋታ ግን ተሸነፉ። በመሸነፋቸው ማንም በደል ተፈጸመብኝ አላለም። በደል ይሆን የነበረው ሳይጫወቱ ቢሸነፉ ነው። ፍትሕ ለማንም ድልን ቃል አይገባም፤ በሩ ለሁሉም እንዲከፈት ግን ይጠይቃል።

ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

«ይህን ሁሉ ስለ ድካም ታወራላችሁ፤ ልጆቹ ግን መጓዝ ይወዳሉ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በቴክሳስ እጅግ ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች በየወገኑ ስድስት ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበት የእግር ኳስ ዓይነት አላቸው፤ ዐሥራ አንድ ልጅ ለማሰለፍ አይበቁምና። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የእነዚህ ቡድኖች ፍጻሜ የሚደረገው በአርሊንግተን ከተማ 80,000 ሰው በሚይዘውና ታላላቆቹ ባለሙያዎች በሚጫወቱበት ስታዲየም ነው። ከኤል ፓሶ አካባቢ ቢነሡ እስከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ተማሪዎቹ መቶ የማይሞሉበት የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ ሦስት ሺህ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ልጅ በቆመበት ሣር ላይ ሲቆም፣ ርቀቱ ያስከተለውን ድካም ክብሩ ይበልጥበታል።

ይህን እንቀበላለን። እንዲያውም የቀደመውን አሳባችንን ያጠናክረዋል። ልጁን ያስከበረው መጓዙ ሳይሆን እኩል መቆጠሩ ነው። በ1950 የሐሙስ ምሽት የተሰጠው ልጅ ከቤቱ አጠገብ ሆኖ ተዋረደ፤ ዛሬ ከሩቅ የመጣው ልጅ ሩቅ ተጉዞ ተከበረ። ነገር ግን ይህ ክብር የሚሞላው መምጣት ለቻለው ብቻ ነው። ከዚያው ቡድን አንዱ ልጅ የማደሪያና የምግብ ገንዘብ አጥቶ ቢቀር፣ ታላቁ ስታዲየም ለእርሱ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሥፍራው ትልቅ ይሁን ወይስ ቅርብ?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ትልቁን ሥፍራ ከመረጥን መንገዱን ማን ይከፍላል?» የሚል ጭምር ነው።

የምንደርስበት መደምደሚያ

ካየነው ሁሉ በመነሣት የሚከተሉትን መመሪያዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በተቻለ መጠን ለልጆቹ ቤት ይቅረቡ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ትንሹ ማኅበር ሊፈጽመው የሚችለውን ትልቁ ማኅበር እንዳይወስድበት አስተምረዋል። በወረዳ ሊፈጸም የሚችለውን ውድድር ያለ በቂ ምክንያት ወደ መዲናው መሳብ ይህን ሥርዓት ያፋልሳል።

ሁለተኛ፣ የፍጻሜው ሥፍራ ከተወዳዳሪዎቹ የማንኛቸውም ሜዳ ባይሆን ይመረጣል፤ ሊሆን ግድ ከሆነም ማን እንደሚደርስ ሳይታወቅ አስቀድሞ ይወሰን። ማን እንደሚጠቀምበት ባልታወቀ ጊዜ የተደረገ ውሳኔ ለማድላት ምክንያት ያጣል።

ሦስተኛ፣ ሥፍራው በመካከል አገር የሚጸና ከሆነ የሩቆቹ ወጪ በሁሉም ላይ ይከፈል። ከሁሉም ትምህርት ቤቶች በየመጠናቸው ተሰብስቦ ከመግቢያው ገቢም ተጨምሮበት ለጉዞ የሚሰጥ አንድ የጋራ ገንዘብ ቢኖር፣ በቅርብ ያለው ያተረፈውን እረፍት በከፊል ለሩቁ ያካፍላል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው። በጫፍ ያለው ልጅ የሚደክመው ለመካከለኞቹ ምቾት ጭምር ነውና።

አራተኛ፣ ክብሩ በተራ ይዙር። ሁሉም ውድድር ወደ ሁሉም ከተማ ሊሄድ ባይችል እንኳ፣ ሰፊ ስታዲየም የማያስፈልጋቸው እንደ ክርክር፣ እንደ ፊደል አጻጻፍና እንደ ስሌት ያሉት ወደ ጫፍ ከተሞች ሊሄዱ ይችላሉ። ተወዳዳሪዎቹም ጥቂት ስለሆኑ የጋራው ገንዘብ ጉዟቸውን ሊችል ይችላል።

አምስተኛ፣ ምክንያቱ ይጻፍ፤ የተጻፈውም ይነበብ። ሥፍራው ያልደረሰው ትምህርት ቤት ለምን እንዳልደረሰው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሰው የማይፈልገውን ውሳኔ ምክንያቱን ካወቀ ሊቀበል ይችላል፤ ምክንያት የተነፈገው ግን መልካሙን ውሳኔ እንኳ በጥርጣሬ ያየዋል። ሁለት ሥፍራዎች በዚህ ሁሉ ተመዝነው እኩል ከሆኑ ያን ጊዜ ዕጣ ይጣል።

እነዚህ መመሪያዎች ሁሉንም ቅሬታ አያጠፉም። የትኛውም ካርታ ጫፍ አለው፤ በጫፉም ላይ የሚኖር ሰው አለ። ከእኛ የሚጠበቀው ጫፉን ማጥፋት ሳይሆን በጫፍ የሚኖረውን አለመርሳት ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ ካርታውን በጠረጴዛ ላይ በዘረጋ ጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት አዳራሹ ያማረበት ከተማ አይደለም፤ ሌሊት ተነሥቶ ከሁሉ አስቀድሞ አውቶቡስ የሚሳፈረው ልጅ ነው። ለእርሱ የሚበጀውን አስቦ የሚወስን ኮሚቴ ሌሎቹን ሊበድል የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው።